አንድ ራስ ሁለት ምላስ እንዳይሆን

«የዓለም አቀፍ ስምምነት ለእኛ ምናችን ነው? የእኛ ሥራ ፊደልና ቁጥር ማስተማር ነው» የሚል ሠልጣኝ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ነገ በየገጠሩ ስንመደብ፣ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ድንገት ከትምህርት ቀርታ «ተዳረች» ሲባል ነገሩ የእኛው ጉዳይ ይሆናል። ያን ጊዜ ሕጉ ምን ይላል? መልሱ የሚገኘው፣ ፓርላማው አገሪቱ የገባችውን ስምምነት ከአገር ውስጥ ሕግ ጋር ምን ያህል አስማምቶታል ከሚለው ነው።

እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አድርጎት ነበር። በ1982 ኅዳር የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶችን ስምምነት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የሕፃናት ቻርተር ተቀበለ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጸደቀች። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው አለ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ዕድሜውን ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። ይህ በእውነቱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ያው ሕግ ሲታወጅ፣ ከባድ ምክንያት ካለ የፍትሕ ሚኒስትሩ ዕድሜውን እስከ 2 ዓመት ዝቅ አድርጎ ሊፈቅድ ይችላል የሚል ቀዳዳ ትቶ ነበር። 18 ያለው ሕግ 16ንም ፈቀደ ማለት ነው። በ1994 ምክር ቤቱ የአፍሪካን ቻርተር በአዋጅ ቁጥር 283 አጸደቀ። የቻርተሩ አንቀጽ 21 ደግሞ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ይሁን ይላል፤ «ከባድ ምክንያት ካለ» አይልም። እንግዲህ ቻርተሩ ሲጸድቅ የሁለት ዓመቱ ሕግ ከመደርደሪያ ወርዶ ጎን ለጎን መነበብ ነበረበት። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናትን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል አለ፤ ግን «የቤተሰብ ሕግ ከፈቀደው ውጭ» የሚል ነገር ጨመረበት። ቀዳዳው ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው ተሻገረ። አንድ ራስ ሁለት ምላስ የሚባለው ይኸ ነው።

ይህ ብቻም አይደለም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ የማስማማቱ ሥራ በአንድ አዳራሽ የሚያልቅ ሳይሆን በየክልሉ ምክር ቤት የሚሠራ ነው።

አንዳንዱ «የውጭ ሰው ባህላችንን ሊያዝበት ነው ወይ?» ይላል። የአፍሪካን ቻርተር ያወጡት አፍሪካውያን ናቸው፤ የወጣውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ደግሞም ያልተስማማ አገር አለመፈረም ይችላል። ፈርሞና አጽድቆ የገዛ ሕግን እንደነበረ መተው ግን ለልጅቷም ለባህሉም አይበጅም።

በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ሲወጣ አባል አገሮች በአገራቸው ሕግ የሚያስገቡበት ቀን ይቆረጥላቸዋል። ቀኑ ካለፈ የኅብረቱ ኮሚሽን ሉክሰምበርግ ካለው ፍርድ ቤት ሊያቆማቸው፣ ገንዘብም ሊያስቀጣቸው ይችላል። እኛን እንዲህ የሚያስገድድ የለም። ስለሆነም ምክር ቤት ለራሱ ቀን መቁረጥ አለበት። ስምምነት ሲያጸድቅ፣ የትኞቹ የቆዩ አንቀጾች እንደሚነኩና እስከ መቼ እንደሚሻሻሉ በዚያው አዋጅ ይዘርዝር። ከ18 ዓመት በታች የሚፈቅድ ቀዳዳም በፌዴራልም ሆነ በክልል ሕግ፣ የትም ቢገኝ ይደፈን።

ለእኛም የቤት ሥራ አለን። አባት «ሽማግሌ ፈቅዷል» ብሎ ሲመጣ፣ ሕጉን የማያውቅ መምህር አንገቱን ደፍቶ ስሟን ከመዝገብ ይሰርዛል። የሚያውቅ ግን ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆኖ አባትየውን ያስረዳል፤ እንቢ ካለም ለወረዳ ያመለክታል። አሠልጣኞቻችን በሥነ ዜጋ ሰዓት የየክልላችንን የቤተሰብ ሕግና የቻርተሩን አንቀጽ 21 ጎን ለጎን ቢያስነብቡን ለምደባ ስንወጣ ባዶ እጃችንን አንሄድም።