ካርታውን ወደ ክበቡ መልሱ

በሥነ ጽሑፍ ክበባችን በር ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ያላነበበ የለም። «ካርታ መጫወት ክልክል ነው» ትላለች። ከበሩ ወዲያ ግን የቼዙ ሰሌዳ ጠረጴዛውን ይዞ በክብር ተቀምጧል። ለመሆኑ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ቼዝ «የአእምሮ ስፖርት»፣ ካርታ የቦዘኔ፣ ዳማ የሊስትሮ፣ ገበጣ ደግሞ የእረኛ! ይህን ያወጡልን ወንድሞቻችን አንድም ቀን ገበጣ ፊት ቁጭ ብለው እንደማያውቁ እንምላለን።

እኛ የሮቢት ልጆች ነን፤ ከወልዲያ ሲመጡ ቆቦ ሳይደርሱ ያለችው ሮቢት። ገበጣን የተማርነው ቁርቁራ ሥር፣ መሬት ቆፍረን፣ በፍየል በጠጥ ነው። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ፍሬ፣ ጠቅላላው 48። ጎበዝ እረኛ ፍሬዎቹን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በዓይኑ ቆጥሮ ጨርሷል፤ በዚያ ላይ ፍየሎቹ ማሽላ ውስጥ እንዳይገቡ ይጠብቃል። ይህ አእምሮ ካልሆነ አእምሮ የምትሉት ምኑን ነው?

ቼዙንም ቢሆን ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ አድርጋችሁ አትዩት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ትግራይ ደርሶ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። በዚያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ስሙም «ወረራ» ነበር። (ወረራን በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ከደጃችን ለተማርነው ለእኛ ቃሉ ጨዋታ አይመስልም፤ ይለፈን።) ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ሰንጠረዡም ስለ ገበጣውም ጽፈዋል። እሳቸው የመኳንንቱንና የእረኛውን እኩል ካዩ፣ እናንተ ከየት አምጥታችሁ ነው የምታበላልጡት?

አሁን ወደ ካርታው። አዎ፣ ቁማር አለ፤ አንደብቅም። ባለፈው ክረምት ሮቢት ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ አባቱ ሁለት ፍየል ሸጠው ለመሳፈሪያና ለደብተር የሰጡትን ብር በአንድ ሌሊት ኮንከር ጨረሰው። ጥቂቱ እኛም ኪስ ገብቶ ነበር፤ እሱን መለስን። ባለቤቱ ከየዙሩ የቆረጠው ግን ወጥቶ ቀረ። «አባባ፣ መንገድ ላይ ሰረቁት» ብለን የዋሸናቸውም እኛው ነን።

ግን እኮ በዚያው ክረምት፣ በዚያችው ከተማ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ክሬዚ ስንጫወት ማንም አልከሰረም። የተሸነፈ ይበውዛል፣ ቢበዛ ሻይ ይከፍላል። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ረጅም ወራት፣ ያሰባሰበን ይኸው ካርታና በካርቶን ላይ ያሰመርነው ዳማ ነው፤ ጠጠሩ ቆርኪ፣ የአንዱ በጀርባው የሌላው በሆዱ። ሌሊት ያራቆተንም ቀን ያጫወተንም ያው አንድ ዓይነት ካርታ ነው። ልዩነቱ በሩን ማን ዘጋው፣ ከየዙሩስ ማን ይቆርጣል የሚለው ነው።

እንግዲህ ወረቀቷ ከተለጠፈች ወዲህ ምን ሆነ? ካርታ የሚወድ ሁሉ ንስሐ ገብቶ ቤተ መጻሕፍት ዋለ? ከግቢው በር ማዶ፣ ብር ሳያስይዙ መቀመጥ ወደማይቻልበት ቤት ነው የሄደው። እዚህ በሻይ ይጫወቱ የነበሩ ሁለት ፍሬሾች ዛሬ እዚያ ናቸው። ክልከላችሁ ለዚያ ቤት ደንበኛ አበጀለት!

ስለዚህ ወረቀቷ ትቀየርና «በገንዘብ መጫወት ክልክል ነው» ትበል። ቼዙም በዚህ ሕግ ይግባ፤ በቼዝም ብር ሲያዝ አይተናል፣ ስም አንጠራም። ካርታውንና ዳማውን ጠረጴዛው ላይ መልሱ። ገበጣውን እኛ እናመጣለን። በጠጥ ግን አናመጣም፣ አትስጉ፤ ከግቢው ጠጠር እንለቅማለን።