በሽተኛ ሕመሙን እንዲያውቅ

«ሕዝባችን ቢነግሩትም አይገባውም» የሚለውን ቃል በየሐኪም ቤቱ ደጅ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ልቈጥረው አልችልም። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከጧት እስከ ማታ ሰልፍ ሲያስተናግዱ የሚውሉ፥ ምሳቸውን እንኳ ቆመው የሚበሉ ናቸው። ቃሉ ግን ሐሰት ነው፤ ሐሰት ብቻም አይደለም፥ ሰው ይገድላል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አይገባውም የተባለው ሰው ማን እንደ ሆነ እስቲ ልብ በል። መሬቱን አይቶ ለጤፍ ወይስ ለሽንብራ እንደሚሆን የሚለየው ገበሬ ነው። በአበቅቴና በመጥቅዕ የፋሲካን ቀን አስልቶ የሚያወጣው ደብተራ ነው። ለማን ምን ያህል ዱቤ እንደ ሰጠች ሳትጽፍ እስከ ሳንቲሙ የምታስታውስ የጉሊት ነጋዴ ናት። እነዚህ ሰዎች አንድ ክኒን ስለ ምን 6 ወር እንደሚዋጥ በሚያውቁት ቋንቋ ቢነገራቸው እንዴት አይገባቸውም? ሕክምና በአገራችን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመድኃኒቱም ማዘዣ የሚጻፈው በዚያው ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማርሁ ስሆን የራሴን ወረቀት ማንበብ ያቅተኛል። (ይህ እንኳ ከቋንቋው ይልቅ የእጅ ጽሕፈቱ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም።)

የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያው 2 ወር 4 ዓይነት መድኃኒት፥ በቀሩት 4 ወሮች 2 ዓይነት ይወሰዳል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳሉ ይቀንሳል፥ ምግብ ይጥማል፥ በሽተኛውም ዳንሁ ይላል። ተሐዋሲው ግን ገና አልጠፋም። መድኃኒቱ በመካከሉ ከተቋረጠ ተሐዋሲው ሊላመደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል፥ የተላመደውም ተሐዋሲ ወደ ቤተ ሰብ ይተላለፋል። ደግሞም ከመድኃኒቶቹ አንዱ፥ ሪፋምፒሲን የሚባለው፥ ሽንትን ወደ ቀይ ብርቱካን መልክ ይለውጠዋል። ይህ ጉዳት የለውም፤ አስቀድሞ ላልተነገረው ሰው ግን ደም ነው።

በሰፈሬ የሚኖር አንድ ሸማኔ ይህን አይቶ «ውስጤ ደማ» ብሎ ክኒኑን ጣለው። 3 ወር ሳይሞላ እንደ ገና አልጋ ላይ ዋለ፤ ሕክምናውንም ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እስከዚያው ትንሺቱ ልጁ ያንኑ ሳል ይዛ ነበር። መድኃኒቱን የሰጡትን ሄጄ ብጠይቃቸው «ማቋረጡ የራሱ ጥፋት ነው» አሉኝ። ሽንቱ እንደሚቀላ ነግራችሁት ነበር ወይ? ዝም።

«ጊዜ የለንም» ይላሉ። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

«ገባህ ወይ ብለነው አዎን ብሎናል» የሚሉም አሉ። ይህን ለመምህር አይንገሩት! ከ30 ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ፤ «ገባችሁ ወይ?» ለሚል ጥያቄ ከአዎን ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ባላገር በነጭ ካፖርት ፊት አልገባኝም ማለት ነውር ይመስለዋል። እውነቱን ማወቅ የሚሻ «እንግዲህ አባቴ፥ ቤት ሲገቡ ይህን ለባለቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ብሎ ያስወራቸው፤ የጎደለው ወዲያው ይታያል።

እናንተም ፊደል የቈጠራችሁ ልጆች ከዚህ ነቀፋ አታመልጡም። እናታችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ ሐኪሙ ለእናንተ በእንግሊዝኛ ይነግራችኋል፤ እናንተም ራሳችሁን ትነቀንቁና ለእርስዋ «ምንም አይደል፥ እማማ» ትሏታላችሁ። ደም ብዛት ሳያሳምም እየቈየ ድንገት ሽባ እንደሚያደርግ የነገራት የለምና ራስ ምታቱ ሲተዋት ክኒኑን ትተወዋለች። ከባድ ደዌ ሲሆንማ ጭራሽ ይደበቃል፤ ታዝናለች ይባላል። መርዶ እንኳ በእኛ ወግ ይነገራል፤ በማለዳ፥ በሽማግሌ፥ ሰው ከጎን ሆኖ ይነገራል እንጂ ለዘላለም አይሸሸግም።

በሚመጣው ቀጠሮ ስትሄድ እንዲህ ብለህ ጠይቅ፤ ሕመሙ በእናቴ ቋንቋ ምን ይባላል? መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው? ምን ስናይ እንመለስ፥ ምንስ ስናይ አንፍራ? መልሱንም በኮሪደር ሳይሆን እዚያው በፊቷ ንገራት፤ መልሳ እስክትነግርህም ከወንበሩ አትነሣ።