በምኒልክ አደባባይ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ቢኖረን



ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ከአስመጪና ከላኪ ሥራ የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ነገሩ የሚነሣው ከምኒልክ አደባባይ ነው፤ የሚደርሰውም ከጉምሩክ ነው።

የታናሽ እኅቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሐኪሞች ኦቲዝም የሚሉት የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ አለበት። ቃል አያወጣም፤ ነገር ግን የሚወደውንና የሚጠላውን ከማንኛውም ልጅ ይልቅ ግልጥ አድርጎ ያስታውቃል። ከሚወዳቸው ነገሮች አንዱ በአደባባዩ መካከል የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ፈረስ ነው። እኅቴ እሑድ እሑድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስትወጣ ከሐውልቱ ፊት ታቆመዋለች፤ እርሱም የፈረሱን የተነሡ እግሮች ሲመለከት ይቆያል። የሚጠላው ደግሞ በዚያው አደባባይ ዙሪያ ያለውን ጩኸት ሁሉ ነው፤ የታክሲ ረዳቶቹን ጥሪ፥ የመኪናውን ጡሩምባ፥ ከየሱቁ በር ላይ የሚለቀቀውን የድምፅ ማጉያ።

ባለፈው መስከረም ትምህርት ሊከፈት ሲል ጫማ ልንገዛለት ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ወዳለ አንድ ሱቅ ገባን። በበሩ ላይ ሙዚቃው ይጮኻል፤ በመስተዋቱም ዙሪያ ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉ ላይ ተኛና ይጮኽ ጀመር። ባለሱቁ «እመቤት፥ ልጅሽን አውጪልኝ፤ ደንበኛ ይሸሽብኛል» አላት። እኅቴ ልጁን ተሸክማ ወጣች። እኔ ግን፥ ይህን ስጽፍ እያፈርሁ ነው፥ ከእነርሱ ጋር የመጣሁ እንዳልመስል የአንድ ጫማ ዋጋ የምመለከት ሆኜ ቆየሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዲት እናት ለእንዲህ ያሉ ልጆች መጫወቻ ያዘጋጀችበት ቤት መኖሩን ለእኅቴ ነገረቻት፤ ሦስታችንም ከአደባባዩ ታክሲ ይዘን ሄድን። ቤቱ ከመንገድ ገባ ያለ ተራ ግቢ ነው፤ ሰሌዳም የለውም። ሴትዮዋ ቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበራት፥ የራስዋም ልጅ ኦቲዝም ያለበት ናት።

ክፍሉ 6 ሜትር በ5 ሜትር ነው። ወለሉ ወፍራም ስፖንጅ ተነጥፎበታል፤ ስፖንጁም ሸራ ለብሷል። ከጣሪያው ብረት ላይ በጠንካራ ገመድ የተንጠለጠለ የሸራ ዥዋዥዌ አለ፤ ልጅ ሲተኛበት እንደ አንቀልባ አጥብቆ ይይዘዋል። በአንድ ማዕዘን አንድ ሳፋ ባቄላ፥ አንድ ሳፋ ምስር፥ አንድ ሳፋ ጥጥ ተቀምጧል። በግድግዳው ላይ አጎዛ፥ ሰሌንና ልሙጥ ጣውላ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ ልጆቹ በእጃቸው እየዳሰሱ ያልፋሉ። ብርሃኑ ቀስ ብሎ ቀለሙን ከሚለውጥ አንድ አምፑል የሚመጣ ብቻ ነው።

ልጃችን ሃያ ደቂቃ ያህል ከደጃፉ ላይ ቆመ። ማንም አልጎተተውም፥ ማንም አላባበለውም። ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ሄደና እጆቹን እስከ ክርኑ ድረስ በባቄላው ውስጥ ቀበራቸው። ከባቄላው ወደ ዥዋዥዌው ሄደ፤ ከዥዋዥዌው አልወርድም አለ። እኅቴም ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት። በልጅዋ ፊት እንቅልፍ ሲወስዳት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስለ ነገሩ ሥር ጠይቄ የተረዳሁትን በአጭሩ ላስታውቅ። አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሊቅ ጂን ኤርስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጡት፥ በትምህርት ቤት ከተማርናቸው ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሌላ በውስጥ ጆሮ ያለው የሚዛን ስሜት፥ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያም የሚመጣው የሰውነት አቋቋም ስሜት አለ። ለአንዳንዱ ልጅ እነዚህ ሁሉ ሥርዓት ይዘው አይደርሱትም፤ ለእኛ ተራ የሆነው ድምፅ ለእርሱ እንደ መዶሻ ነው። በዚያው ዘመን በኔዘርላንድ አገር በኤደ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች በተሠራ ተቋም ሁልሴኼና ፈርሁል የተባሉ ሁለት ሠራተኞች እንዲህ ያለ ክፍል አዘጋጅተው ስኑዘለን ብለው ጠሩት። ስሙም «ማነፍነፍ» እና «ማንቀላፋት» ከሚሉ ሁለት የደች ቃላት የተጋጠመ ነው፤ ኋላም የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሆኗል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ክፍሉ ኦቲዝምን ያድናል ብሎ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ቢነሣ ሐሰተኛ ነው። ስለ ጥቅሙ መጠንም ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እኔ የምመሰክረው ልጁ እንደ ተጫወተና እናቱ እንዳረፈች ነው።

በአገራችን ለእነዚህ ልጆች ቀድመው በር ከከፈቱት አንዷ ከንግዱ ሰዎች መካከል የወጡ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለውን የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ያቋቋሙ ነጋዴ ነበሩ። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚስማማ ትምህርት ቤት ቢያጡ፥ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በፊደላችን ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከሥራው አልተለዩም። ከእርሳቸው ቀጥሎ ወላጆች ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በካናዳ ካለው ከክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል። ነገር ግን ተራ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እኛን በምን ይመለከተናል? በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙዎች አባሎቻችን ሱቃቸውን ለቀው ወጥተዋል። በዚያው ዓመት በየካቲት በአደባባዩ ጎን የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ፥ ልጆቹን ይዞ ወደ አራዳ የሚመጣው ሰው በዝቷል። በአዲሱ ሕንጻ ቦታ የሚከራይ ወይም ሕንጻ የሚሠራ አባል ከምድር ቤቱ አንድ ክፍል ለዚህ ቢለይ በነጻ ይስጥ አልልም፤ ወላጅ በሰዓት ይክፈል። የ2001 ዓ.ም. የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መግቢያ እንዲኖር አዝዞ ነበር። ጩኸቱን ለመቀነስ አዋጅ መጠበቅ አያሻም፤ የድምፅ ማጉያውን ከበር ማንሣት ገንዘብ አያስወጣም።

ዕቃውን በሚመለከት፥ ከላይ የዘረዘርሁት አብዛኛው ከመርካቶ የሚገኝ ነው። በውጭ አገር ከብዶ ሰውነትን የሚያረጋጋ ብርድ ልብስ ብለው የሚሸጡት፥ ሴትዮዋ እንደ አሳየችኝ፥ ሁለት ጋቢ ተደርቦ ይተካዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር በምን ዋጋ እንደሚገኝ አስመጪዎቻችን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሸማኔያችንና ቆዳ ፋቂያችን እዚህ ላይ ገበያ አላቸው። የማይገኘው የዥዋዥዌው ማንጠልጠያ ብረት፥ ጆሮ ላይ ተደርጎ ድምፅ የሚከለክለው መሣሪያና መብራቱ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ የተሽከርካሪ ወንበር የራሱ ቁጥር 8713 አለው፤ ምርኩዝም በ9021 ይገባል። የእነዚህ ልጆች ዥዋዥዌ ግን ስሙ ዥዋዥዌ ስለሆነ በምዕራፍ 95 ከመጫወቻና ከስፖርት ዕቃ ጋር ይቆጠራል። ለአንዱ ልጅ ምርኩዙ የሆነው ዕቃ ለጉምሩክ ሹም አሻንጉሊት ነው። ምክር ቤታችን ይህን ነገር ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ቢያቀርበው፥ መልስም ቢጠይቅ ሥራው ነው እላለሁ።

ይህን አሳብ አስቀድሜ ለአሠሪዬ አቅርቤው ነበር። ጋሼ ሂሳቡን እያገላበጡ «አንቺ፥ ይኸ ንግድ ነው ወይስ ምጽዋት?» አሉኝ። «ጋሼ፥ የታክሲ ከፍላ የምትሄድ እናት የክፍሉንም ትከፍላለች» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ልጁ የፈረሱን ሐውልት ይወዳል ነው ያልሽኝ?» ብለው ጠየቁ፤ ቀጥሎም የዋጋ መጠየቂያ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ለአሥር ማንጠልጠያና ለሃያ የጆሮ መከለያ ጽፌ ልኬአለሁ። የታሪፍ ቁጥር በሚሞላበት ስፍራ ምን እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ባዶ ትቼዋለሁ፤ መልሱ ሲደርሰን በዚሁ ጋዜጣ አስታውቃለሁ።