የመንግሥት ገንዘብ ማሳው ድረስ ይዝለቅ

በየዓመቱ በጀት ሲነገር ጆሮ የሚስበው የገንዘቡ ብዛት ነው። ለገበሬው ግን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ገንዘቡ የት እንደሚውል ነው። የብር መብዛት ብቻውን ኩንታል እንደማይሆን ኢትዮጵያ በገዛ ገንዘቧ ተምራለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን የመሬት ተጠቃሚ ካደረገና የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ፣ መንግሥት ለእርሻ ከሚያወጣው ገንዘብ ብዙውን የወሰዱት የመንግሥት እርሻዎች ነበሩ። ትራክተሩና ኮምባይነሩ፣ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ፣ ብድሩም ቢሆን በቅድሚያ ወደዚያው ነጎደ። ውጤቱስ? በ1979 ዓ.ም. ገደማ ከጠቅላላው የእርሻ ምርት የእነዚህ እርሻዎች ድርሻ ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበር። ከመቶ 90 በላይ የሚሆነውን ያመረተው በጥንድ በሬ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ይኸው ገበሬ እህሉን በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። አምራቹ ተነፍጎ የማያመርተው ተቀለበ ማለት ነው።

እንዲህ ሲባል ግን የመንግሥት ወጪ ሁሉ ይባክናል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 በ15 የገጠር መንደሮች የቤተሰብ ኑሮ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ በማግኘት ከመቶ ቤተሰብ 7 ያህሉ፣ የልማት ሠራተኛ አንድ ጊዜ እንኳ በመጎብኘቱ 10 ያህሉ ከድህነት ይወጣሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ማዳበሪያው በአህያ ጭነት ዋጋ ይወደዳል፤ እህሉም ቢሆን የሚሸጠው እዚያ ድረስ ለመጣው ለአንዱ ነጋዴ፣ እርሱ በቆረጠው ዋጋ ነው።

የሚያሳዝነው፣ መንገዱ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ የውኃ ማፋሰሻው ቱቦ በደለል ሲደፈን ግን ለመጥረጊያ የተያዘ ገንዘብ አይገኝም። ጎርፉም መንገዱን ይቆርጠዋል። የልማት ሠራተኛውም ደመወዝ እየተከፈለው የመጓጓዣ ወጪ ካልተያዘለት ከጽሕፈት ቤት አይወጣም። ዘር ከተዘራ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ደግሞ ወጪው በመዝገብ ይሰፍራል እንጂ አዝመራው ላይ አይታይም።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች በወረዳ የበጀት ውይይት ላይ ሲቀመጡ፣ ስንት ብር ተመደበ ከማለት አልፈው ለጥገና ስንት እንደተያዘ፣ ማዳበሪያው በየትኛው ወር እንደሚገባ፣ የልማት ሠራተኛው በክረምቱ ስንት ጊዜ ማሳ እንደሚወርድ ሊጠይቁ ይገባል። ጥያቄው መቅረብ ያለበትም በጀቱ ሳይጸድቅ ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ለመጪው ዓመት ያድራል።