ይድረስ «ምን ይጠቅማል?» ለምትሉ

ሰሞኑን ዶርማችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ እንቅልፍ ነሥቶናል። የሂሳብ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስለተገኘው ግዙፍ ብቸኛ ቁጥር ቢያወራ፣ የኛዎቹ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች «ለወላይታ ገበሬ ምን ይፈይዳል?» ብለው ሳቁበት። እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

ለመሆኑ የሳቅንበትን ነገር እናውቀዋለን? ሶዶ ገበያ ውረዱ። ቦይና የምትሸጥ እናት 12 ፍሬ ካላት በ3 በ3 ወይም በ4 በ4 ትመድባለች። 13 ከሆነባት ግን እኩል መደብ አይወጣላትም፤ ወይ አንድ አንዱን ትሸጣለች፣ ወይ ሁሉንም ባንድ ላይ። ብቸኛ ቁጥር ማለት ይኸው ነው።

የውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» የሚሉት ዘዴ አለ፤ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ፣ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ ማባዛት ነው። (በስሙ አንኩራራ፤ የጥንት ግብፆችም እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር።) እንግዲህ በተራ በተቆፈሩ ጉድጓዶች 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን ጠጠር እንጣል። ድምሩ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 31 እያለ ይሄዳል። 3፣ 7 እና 31 ብቸኞች ናቸው፤ 15 ግን አይደለም። 11ኛው ጉድጓድ ላይ ድምሩ 2,047 ይሆናል። ብቸኛ ይመስላል አይደል? 23 ሲባዛ በ89 ነው!

የካሊፎርኒያው ሉክ ዱራንት በ17 አገሮች የተበተኑ ኮምፒዩተሮች አሠልፎ ያገኘው ቁጥር የዚሁ ጠጠር ድምር ነው፤ ጉድጓዱ ብቻ 136,279,841ኛው ነው። 41,024,320 አሃዞች አሉት። በገጽ 2,000 አሃዝ ብናትም ይህችን ቡለቲን 20,513 ገጽ ያደርሳታል። ስቴንስሉን ማን ሊችለው!

ጓደኛችን ሲጨንቀው «ለባንክ ምስጢር መቆለፊያ ይሆናል» አለ። ይህም ሐሰት ነው። ለዚያ ሥራ የሚውሉት ብቸኛ ቁጥሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸውና ተደብቀው የሚያዙ ናቸው። ዓለም ሁሉ ያወቀው ቁልፍ ምን ቁልፍ ነው? ይልቅስ ደፍሮ «አይጠቅምም» ማለት ነበረበት። አዎ፣ ይህ ቁጥር አንድ ኩንታል በቆሎ አያመርትም። ቅኔስ ስንት ኩንታል አመረተ? ልብ ወለዱስ?

ባለፈው ክረምት አረካ ሄጄ አጎቴ «አንተ ልጅ፣ ተረት ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» አለኝ። መልስ አጥቼ ጀበናውን ሳይ ቆየሁ። ሌሊቱን ሙሉ በንዴት ስገላበጥ አደርኩ። ያንኑ ጥያቄ፣ ያውም በዚያው ድምፅ፣ በጓደኛችን ላይ ወረወርንበት። እሱም እንደኔው ዝም አለ።

ዛሬ ማታ ጠጠር ይዤ እመጣለሁ። 13ኛው ጉድጓድ ላይ ድምሩ 8,191 ነው። ከሳቁት ውስጥ ይህን እኩል የሚመድብልኝ ካለ የሳምንት ሻይ በኔ ነው።