ሁለት ባላ የተከለ መሪ

ርእሰ አንቀጽ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ምክሩ ለራሱ ኑሮ ለሚጨነቅ ሰው መልካም ነው። የሕዝብን አደራ የተቀበለ ሰው ሲይዘው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሁለቱን ባላ ለራሱ ሲተክል፣ ሕዝቡን ያለ ምሰሶ ያስቀረዋልና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይደነግጋል። ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይናገራል። አራተኛ ጌታ አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ያልተጻፈው አራተኛ ጌታ ከሦስቱ በላይ ወንበር ይዞ ኖረ፤ እርሱም እጩውን የሚያቀርበውና የሚሽረው ድርጅት ነው።

ያለፈውን እንመልከት። ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን የያዙት አቶ መለስ ዜናዊ፣ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝና ዶክተር ዐቢይ አሕመድ፣ ሦስቱም በወንበሩ ላይ ሳሉ የአንድ ክልል ድርጅት ሊቀ መንበር ነበሩ። በኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ አራቱ ድርጅቶች ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ሲያስቀምጡ፣ የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ ድርጅቶች «አጋር» ተብለው ከደጅ ቀርተዋል። እንግዲህ የአገሪቱ መሪ ሁለት ክልሎች ሲጣሉ ዳኛ መሆን ሲገባው፣ ራሱ የአንዱ ወገን አለቃ ነበር። ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ፣ የተፈረደበት ወገን ፍርዱን በምን ልብ ይቀበለው?

ወደ አገራችን ወደ ዋግ እንመለስ። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ በዋግ ምድር ነው። ሲመሠረት ኅብረ ብሔራዊ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. ግን ብአዴን ተብሎ የአማራ ሕዝብ ድርጅት ሆነ። የኽምራ ሕዝብ በክልሉ ሕገ መንግሥት የብሔረሰብ ዞንና ምክር ቤት ተሰጥቶታል፤ ሆኖም በሰቆጣው ምክር ቤት የተቀመጠው ሰው የዚያው ድርጅት አባል ነበር። ከባሕር ዳር የወረደው የድርጅት ውሳኔና የሰቆጣ ገበሬ ጥያቄ ሲጋጩ፣ ይህ ሰው ለየትኛው ይቁም? ድርጅቱ በ2012 ዓ.ም. ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ፓርቲ ሆኗል፤ ስም መለወጥ ብቻውን ግን ልማድን አይለውጥም።

ይህ የወረቀት ክርክር እንዳይመስል፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ በከተማችን ስም ጠርቶታል። ከዚያም ጦርነት መጣ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ሰቆጣ ገብተው ተጠለሉ። እናት ልጅዋን አዝላ አቤት የምትለው ለዞኑ ነውን? ለክልሉ ነውን? ወይስ ለፌዴራሉ? ሥልጣን በሦስት ደረጃ ሲከፈል ኃላፊነት አብሮ ካልተከፈለ፣ የሚከፋፈለው ማመካኛ ብቻ ነው።

«ሰው የተወለደበትን ይርሳ ትላላችሁን?» የሚለን አይጠፋም። አንልም። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግ ሰው ነበሩ፤ በ1930 ዓ.ም. ከፋሺስት ጦር ጋር ተዋግተው አንገታቸውን የሰጡት ግን ለኢትዮጵያ ነው። አገርንና መንደርን አብሮ መውደድ ይቻላል። የማይቻለው፣ ከሳሽም ዳኛም መሆን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የፌዴራል ሹመት የያዘ ሰው የክልል ድርጅት ወይም ቅርንጫፍ መሪነትን ደርቦ አይያዝ። ሁለተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስን በመሆኑ፣ የኽምራ ተወካይ ወደዚያ የሚላከው በክልሉ ምክር ቤት ምርጫ ሳይሆን በሕዝቡ ድምፅ ይሁን፤ አንቀጽ 61 ክልሎች ሕዝቡን በቀጥታ እንዲያስመርጡ ይፈቅዳልና አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ክልሉ ለየዞኑ የሚመድበው ገንዘብ ከነስሌቱ ተጽፎ በየወረዳው አደባባይ ይለጠፍ።

ከላይ የምንጠይቀውን ግን ከታች መንፈግ የለብንም። በዞናችን ኽምጣንጋ የሚናገር፣ አማርኛ የሚናገር፣ ትግርኛም የሚናገር ጎረቤት አለ። ባሕር ዳርን የምንወቅስበት ጥፋት በሰቆጣ ላይ ሆነን በአንዲት ሩቅ ቀበሌ ላይ ብንፈጽመው፣ ወቀሳችን ቅናት እንጂ ፍትሕ አይሆንም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ የተከበራችሁ መምህሮቻችንም፣ የነገዎቹ ሹሞች ከእነዚህ ወንበሮች ይነሣሉ። ከመካከላችን የተማሪ ኅብረቱን አደራ ይዞ ከጓዳ ከሌላ ጌታ ትእዛዝ የሚቀበል ካለ፣ ሁለተኛውን ባላ ዛሬ ይንቀል። ነገ ሥር ይሰዳል።