የንግዱ ሕግ በር ላይ ይቁም ወይስ ካዝናው ውስጥ?

መርካቶ ውስጥ ሁለት ሱቅና አንድ መጋዘን ያለው አስመጪ አለ እንበል። መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ሳሙና 10 ካርቶን ነው። አንዱ ሱቅ 8 ካርቶን ሲሸጥ፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት 7 ይሸጣል። ሁለቱም ሻጮች ኮምፒዩተሩ «10 አለ» ሲል አይተው ደረሰኝ ቆርጠዋል። አንዱ ኮምፒዩተር ከ10 ላይ 8 ቀንሶ 2 ብሎ መዘገበ፤ ሌላው ከ10 ላይ 7 ቀንሶ 3 ብሎ በላዩ ጻፈበት። ማታ መዝገቡ 3 ካርቶን አለ ይላል። መጋዘኑ ግን ባዶ ነው፤ አስመጪውም የ5 ካርቶን ባለዕዳ ሆኗል።

ሻጮቹ አላጭበረበሩም፤ ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም። ጥፋቱ «የሌለ ዕቃ አይሸጥም» የሚለው ሕግ የተጻፈበት ቦታ ነው። የተጻፈው ሻጩ በሚያየው ፕሮግራም ውስጥ እንጂ መዝገቡ በተቀመጠበት ዳታቤዝ ውስጥ አይደለም። ዘበኛው ካዝናውን ትቶ የፊት በሩን ብቻ ይጠብቃል እንደማለት ነው። ነገ ሒሳብ ሹሙ ከኤክሴል ቁጥር ቢያስገባ፣ ከነገ ወዲያ የሞባይል መሸጫ ቢጨመር፣ በሌላ በር ስለገቡ ጠያቂ የላቸውም።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው 7ኛው እትም የንግዱን ሕግ እንደ ፕሮግራም ጽፎ እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ማስቀመጥ ተችሏል፤ ሳይቤዝ ደግሞ ቀድሞታል። ባለሙያዎቹ «ስቶርድ ፕሮሲጀር» ይሉታል። ሽያጭ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ዳታቤዙ የሳሙናውን መስመር ይቆልፋል፣ ቀሪውን ያያል፣ ይቀንሳል፣ ዱቤውን ይመዘግባል፤ አንዱ ካልተሳካ ሁሉም ይሰረዛል። ሁለተኛው ሻጭ ተራውን ይጠብቅና 2 ብቻ እንደቀረ ይነገረዋል። ነፃ የሆነው ፖስትግሬስም ይህን ይሠራል፤ ስለዚህ ዶላር የለም የሚለው ሰበብ አያዋጣም።

የሚያሳዝነው የሥልጠናው ነገር ነው። ብዙው ወጣት ፕሮግራመር የሚደክመው ለስክሪኑ ውበት ነው። ከዳታቤዝ የሚማረው መረጃ ማውጣትና ማስገባት ላይ ያበቃል። የዱቤ ጣሪያ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሒሳብ ሹም ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠራም።

እርግጥ ዋጋ አለው። ለኦራክል የተጻፈ ፕሮሲጀር በማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ሻጩን የሚለውጥ ነጋዴ እንደገና ያስጽፋል። ስለዚህ በየበዓሉ የሚለዋወጠው ቅናሽ ውጭ ይቆይ። ክምችት፣ ዱቤና ሒሳብ ግን ውስጥ ይግቡ።

ገዢ በሻጭ ቃል ብቻ አይመን። ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ «ከዜሮ በታች አይውረድ» የሚለውን የቼክ ሕግ ያለ ቅሬታ ይቀበልና በሥራ ላይ አያውለውም ነበር፤ ያረመው በ8.0.16 እትሙ ነው። ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሻጮች የመጨረሻዋን ካርቶን በአንድ ጊዜ ይሽጡ። ሁለቱም ደረሰኝ ከወጣላቸው የመጨረሻው ክፍያ ይቆይ።